የፎቶግራፉ ጀርባ፤ ስለ ፊልም ካሜራ ናፍቆት የቀረበ ሂስ

አሮጌ ካሜራ ጌጥ ከሆነ ጥቂት ዓመታት ተቆጠሩ። በትልልቅ ከተሞቻችን በሚገኙ ቡና ቤቶች መደርደሪያ ላይ፣ ከሸክላ ማጫወቻው ጎን፣ የቆዳ ማኅደሩ የተላላጠ ዜኒት ወይም ባለ ሁለት ዐይን ያሺካ ተቀምጦ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ወጣቱ በእጅ ስልኩ ያነሣውን ጥርት ያለ ፎቶግራፍ መልሶ ያደበዝዘዋል፤ ቀለሙን ያገረጣዋል፤ ጭረትና አቧራ ይጨምርበታል። የፊልም ዘመን ፎቶግራፍ አንሺ እንደ ጉድለት ቆጥሮ ሲያፍርበት፣ ደንበኛውም አልቀበልም ሲለው የኖረውን እንከን ሁሉ የዛሬው ሰው ውበት ብሎ ይሻዋል።

ይህ ዝንባሌ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ስቲቨን ሳሰን በ1975 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ቢሠራም፣ ኩባንያው ራሱ በዚያው ግኝት ማዕበል ተመትቶ በጥር 2012 እ.ኤ.አ. በኪሳራ ሕግ ጥላ ሥር ለመግባት ተገደደ። ዝነኛው ኮዳክሮም ፊልም በ2009 እ.ኤ.አ. ምርቱ ቆመ። ሁሉም ያበቃለት ሲመስል ግን ፊልም ተመልሶ ተፈላጊ ሆነ፤ ተቋርጦ የነበረው ኤክታክሮም በ2018 እ.ኤ.አ. እንደገና ለገበያ ቀረበ፤ ፔንታክስም በ2024 እ.ኤ.አ. አዲስ የፊልም ካሜራ ሠርቶ አወጣ። እንግዲህ ናፍቆት የንግድ ዕቃ ሆኗል ማለት ነው። ይህ ብቻውን አያስነቅፈውም። ሂስ ሊያነሣው የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው። በእርግጥ የናፈቀን ምንድን ነው? ካሜራው ነው? ፊልሙ ነው? ወይስ በካሜራው አማካይነት ሰው ለሰው ያደርገው የነበረ አንድ ነገር ነው?

በእኛ ባህል ናፍቆት የራሱ ቅኝት አለው። ትዝታን የሚያንጎራጉር ሰው ስላለፈ ዘመን በደፈናው አያዜምም፤ የሚያስታውሰው ሰው አለው። ያ ሰው በስም ባይጠራም ዜማው የሚሄደው ወደ እርሱ ነው። ተቀባዩ ከሌለ ክራሩ ይኖራል እንጂ ትዝታው የለም። በዚህ ሚዛን ስንመዝነው፣ ዛሬ ስለ ፊልም ካሜራ የሚነገረው ናፍቆት አብዛኛው ክራሩን ይዞ ሰውየውን የረሳ ሆኖ እናገኘዋለን።

ሐሳቡን በምሳሌ ማስረዳት ይሻላል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጊዳ አያና የተገኘ አንድ ፎቶግራፍ በእጁ ይገኛል። ጊዳ አያና በምሥራቅ ወለጋ፣ ከነቀምት በስተ ሰሜን የምትገኝ ከተማ ናት። ፎቶግራፉ ጥቁርና ነጭ፣ ከፖስታ ካርድ የማይበልጥ፣ ጠርዙም እንደ መጋዝ ጥርስ የተከረከመ ነው። በፎቶግራፉ ላይ የሚታዩት የጸሐፊው አባት እህት፣ በአካባቢው አጠራር አዳዳችን፣ በወጣትነታቸው ነው። ከበስተ ኋላቸው በመጋረጃ ላይ የተሳለ ሐይቅና ዘንባባ አለ፤ እንዲህ ያለ ሐይቅ እርሳቸው በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም። ከጎናቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጧል። አንድ እጃቸውን በጠረጴዛው ላይ አሳርፈው፣ ሳይስቁና ሳያዝኑ፣ በቀጥታ ወደ ተመልካቹ ያያሉ።

ፎቶግራፉ የተነሣው ነቀምት በሚገኝ አንድ ፎቶ ቤት ነው። የዚያን ዘመን ባለ ሁለት ዐይን ካሜራ በአንድ ጥቅል ፊልም የሚያነሣው 12 ፎቶግራፍ ብቻ ነበር። ባለ ፎቶ ቤቱ 12ቱ ሳይሞሉ ፊልሙን አያጥብም፤ ኬሚካሉም ውኃውም ገንዘብ ነውና። ስለዚህ አዳዳ አዲሱን ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው ነቀምት ደርሰው ተነሡ፤ ቀጠሮ ተቀብለው ተመለሱ፤ መልካቸውን ያዩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ፎቶግራፍ መነሣት ታስቦበትና ተመክሮበት የሚፈጸም ውሳኔ ነበር።

ነገር ግን የዚህ ሥራ ግማሹ ያለው በጀርባው ነው። ገልብጠን ስናየው፣ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ተጠንቅቆ በተጻፈበት የእጅ ጽሑፍ፣ እንዲህ ይላል፦ «ለወንድሜ። አገሩ ሩቅ ነውና መልኬ እንዳይጠፋህ። ያዳኖፍ። ጊዳ አያና፣ ጥቅምት 1974 ዓ.ም.» ወንድማቸው፣ ማለትም የጸሐፊው አባት፣ በዚያን ጊዜ የአሰብ ወደብ ሠራተኛ ነበር። «ያዳኖፍ» በአፋን ኦሮሞ «ለማስታወሻ» ማለት ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከአማርኛ ሌላ በአፋን ኦሮሞና በሌሎችም ቋንቋዎች፣ በግዕዝ ፊደል፣ ትምህርት ይሰጥ እንደነበር ይታወሳል። አዳዳ ፊደል የቆጠሩት በዚያ ዘመቻ ነው። ከትምህርት ቤቱ ሰሌዳና ደብተር ውጪ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፉት ዐረፍተ ነገርም ይኸው ከፎቶግራፉ ጀርባ ያለው ነው።

እንግዲህ ይህ ትንሽ ወረቀት ሁለት ደራሲዎች አሉት። የፊቱ ደራሲ ባለ ፎቶ ቤቱ ነው፤ መጋረጃውን የመረጠ፣ መብራቱን ያስተካከለ፣ «አገጭ ቀና» ያለ እርሱ ነው። የጀርባው ደራሲ ግን ተነሺዋ ራሳቸው ናቸው። በፊቱ ላይ የሚታየው በብዙዎቹ የዘመኑ ፎቶግራፎች ላይ የሚታየው ነው፤ መጋረጃው፣ አበባው፣ አቋቋሙ አንድ ዐይነት ነው። ይህን ፎቶግራፍ ከሌላው የሚለየው፣ ከማን ወደ ማን፣ ከየት፣ መቼ፣ ለምን እንደ ሄደ የሚነግረን ጀርባው ነው። ስለ ቅርጽና ስለ ይዘት ስንነጋገር የኖርን ሃያስያን የፎቶግራፍን ይዘት ሁልጊዜ በፊቱ ላይ ብቻ መፈለጋችን ስሕተት ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ለማለት ያነሣሣን በራሳችን ላይ የደረሰ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፎቶግራፉን በዲጂታል ያስቀረጽነው ፊቱን ብቻ ነበር። ከዘመድ ወደ ዘመድ በስልክ ሲተላለፍ ቆይቶ ከቤተሰብ እጅ ወጣ፤ አሮጌ ፎቶግራፎችን ለማሳየት ከሚተጉ ሰዎች ዘንድ ደረሰ። እነርሱም ቀለሙን አጥቁረው፣ ጭረቱን አጉልተው፣ «የድሮ ውበት፤ አንዲት የወለጋ ሴት» የሚል ጽሑፍ አክለው ለሕዝብ አቀረቡት። ብዙ ሰው አደነቀው። አንዱ የካሜራውን ዐይነት ገመተ፤ ሌላው ስለ ፊልሙ ጥራት ተከራከረ። ሴትየዋ ማን እንደ ሆኑ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። በሕይወት ያሉት፣ ስም ያላቸው፣ በእጃቸው የጻፉት አዳዳ «አንዲት ሴት» ሆነው ቀሩ። አቅራቢዎቹ ክፉ ሐሳብ አልነበራቸውም። ጀርባውን አላዩትም፤ እኛም አላሳየናቸውም።

ፈረንሳዊው ሃያሲ ሮላን ባርት ስለ ፎቶግራፍ በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ስለ እናቱ የልጅነት ፎቶግራፍ በሰፊው ይተነትናል፤ ፎቶግራፉን ግን ለአንባቢ አያሳይም። ምክንያቱን ሲገልጽ፣ ለእርሱ እናቱ የሆነችው ሥዕል ለሌላው ሰው ከብዙ አሮጌ ሥዕሎች እንደ አንዱ ከመታየት እንደማያልፍ ያስረዳል። በእኛም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ከባለቤቱ የተለየ ፎቶግራፍ የዘመን ናሙና እንጂ የሰው መታሰቢያ አይሆንም።

በዓለም የኪነ ጥበብ መድረክም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ1991 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ በተከፈተ የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን ላይ ከማሊ ዋና ከተማ ከባማኮ የመጡ የፎቶ ቤት ፎቶግራፎች «አንሺው ያልታወቀ» ተብለው ቀርበው ነበር። አንሺው ሴዱ ኬይታ መሆኑ ኋላ ታወቀ፤ ስሙም በዓለም ገነነ። የአገሩ ልጅ ማሊክ ሲዲቤም በ2007 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ቢየናሌ የወርቅ አንበሳ ሽልማት ተቀበለ። እነዚህ ለአፍሪካ ፎቶግራፍ ታላላቅ ድሎች ናቸው። ሆኖም የአንሺዎቹ ስም ሲመለስ የብዙዎቹ ተነሺዎች ስም አልተመለሰም። ለእናት፣ ለእጮኛ፣ ለወንድም ሊሰጥ የታተመው ወረቀት በማዕቀፍ ተሰቅሎ ሲታይ የተላከለት ሰው ከታሪኩ ወጥቷል።

ወደ አገራችን ፎቶግራፍ ታሪክ ስንመለስ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠነክራል። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ከመቅደላ ተወስደው በ1868 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ሲቀርቡ ገና ሕፃን ነበሩ። ፎቶግራፉ በጥበቡ የሚደነቅ ነው፤ ልጁ ግን መልኬን ለእገሌ ስጡልኝ ሊሉ አይችሉም ነበር። ከዚያ በኋላ በዐፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ቀጥሎም ልጆቻቸው የቤተ መንግሥቱን ፎቶግራፍ ይዘው ቆዩ። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ጄራርድ በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ከ1867 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የተነሡ ፎቶግራፎችን ሰብስበው ትልቅ አገልግሎት ሰጥተዋል። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ በአብዛኛው የሚያሳየን ግን ንጉሡን፣ መኳንንቱን፣ እንዲሁም የውጭ አገር ሰው ዐይን የማረከውን ነው። ተራው ሰው በገዛ ፈቃዱና በገዛ ገንዘቡ ተነሥቶ ፎቶግራፉን ለፈለገው ሰው መላክ የጀመረው ፎቶ ቤት በየከተማው ሲስፋፋ ነው። ስለዚህ የፎቶ ቤት ዘመን የአንድ መሣሪያ ዘመን ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ የመልኩ ባለቤት የሆነበት ዘመን ነው።

በዚህ ረገድ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍ ሊመሰገን ይገባዋል። አዘጋጆቹ ፊሊፕ ሹትዝ፣ ወንጌል አበበና ናፍቆት ገብየሁ ከየቤተሰቡ አልበም ፎቶግራፎችን ሲሰበስቡ የባለቤቶቹንም ትውስታ አብረው ሰብስበዋል። ተመልካቹ የጸጉር አሠራሩንና የሱሪውን ስፋት አይቶ ከመሳቅ አልፎ የአንድን ሰው ሕይወት ይሰማል። የመጽሐፉ ብርታት ይህ ነው፤ ጀርባው አልተረሳም። ወሰኑ ግን ከርእሱ ይታያል፤ አዲስ አበባ ነው። አዘጋጆቹ ያልገቡትን ቃል ለምን አልፈጸማችሁም ብሎ መውቀስ አይገባም። ጥያቄው ለእኛ ነው። የነቀምት፣ የጊምቢ፣ የደምቢ ዶሎ፣ የሻምቡና የጊዳ አያና አልበም የት አለ? ማንስ ሰበሰበው?

ጸሐፊው በነቀምት ያጋጠመውን እዚህ ላይ መጥቀስ ተገቢ ነው። ብዙ ዘመን የሠራ አንድ ፎቶ ቤት ባለቤቱ ሲያርፉ ተዘጋ። ካሜራው በጥሩ ዋጋ ተሸጠ፤ ገዢው ለጌጥ የፈለገው ሰው ነበር። በካርቶን የተሞላው ነጋቲቭ ግን ገዢ አላገኘም። የወለጋ ክረምት ረጅምና እርጥብ ነው፤ እርጥበት የፊልሙን ሽፋን ያጣብቀዋል፤ ሻጋታም ያበላዋል። ካርቶኖቹ ጣሪያው በሚያፈስ ክፍል ሁለት ክረምት ቆይተው ከቆሻሻ ጋር ተቃጠሉ። ከነጋቲቩ ጋር የደንበኞች ስምና ቀን የሰፈረበት መዝገብ አብሮ ሄደ። ካሜራው ዛሬም የሆነ ቦታ መደርደሪያ ላይ ያምራል። በናፍቆታችን ላይ ከዚህ የበለጠ ሂስ ማቅረብ አይቻልም፤ ያየውን ጥለን ማያውን አስቀረን።

ይህን ስንል የዲጂታልን ዘመን ለመንቀፍ አይደለም። ናፍቆት አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ፎቶግራፍ ያልተነሡትን ይረሳል። በፊልም ዘመን ለፎቶግራፍ የሚከፈል ገንዘብ ያልነበረው ገበሬ ስንት ነው? መልኳን ለልጇ ሳታስቀር ያለፈች እናት ስንት ናት? ከገጠር የመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፎቶ ቤት የሚገባው ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶግራፍ ሲጠየቅ ነበር፤ ለብዙ ሰው ከዚያች ጉርድ ፎቶግራፍ በቀር ሌላ መታሰቢያ የለም። ዛሬ የእጅ ስልክ የያዘ እረኛ እንኳ እናቱን በፈለገው ሰዓት ያነሣል። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያም የተመዝጋቢውን መልክ እዚያው በምዝገባው ላይ ስለሚያነሣ ጉርድ ፎቶግራፍ ይዞ መሄድ አያስፈልግም። ይህ ለባለ ፎቶ ቤቱ የእንጀራ መጉደል ቢሆንም ለሕዝቡ እፎይታ ነው። ሁሉም እንዲነሣ ያስቻለውን መሣሪያ ጥቂቶች ብቻ ይነሡበት በነበረው መሣሪያ ስም ማጣጣል ፍትሕ አይደለም።

ነገር ግን ዲጂታሉም የራሱ ፈተና አለው። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ለወራት ሲቋረጥ በስልክ ውስጥ ያለው ፎቶግራፍ ከስልኩ የማይወጣ ሆኖ ነበር። ከዚያም የከፋው ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው ነው። በጊዳ አያናና በአጎራባቹ ኪረሙ ወረዳዎች በተነሣው ግጭት ብዙ ሕዝብ ከቀየው ሲፈናቀል፣ ሰው ሕይወቱን ለማትረፍ ሲሮጥ አልበም አይሸከምም። አዳዳም ነቀምት የገቡት በለበሱት ልብስ ነው። ቤታቸው ግድግዳ ላይ በአንድ ማዕቀፍ ተደርድረው የነበሩት የልጆች፣ የሠርግ፣ የምረቃ ፎቶግራፎች ሁሉ ቀሩ። የ1974 ዓ.ም. ፎቶግራፍ ሁለተኛ ቅጂም አብሮ ቀረ።

የተረፈው ወደ አሰብ የተላከው ነው። አባታችን ከአሰብ ሲመለስ በደብዳቤዎቹ መካከል አድርጎ ይዞት መጣ። እንግዲህ ይህን ፎቶግራፍ ያዳነው የፊልሙ ጥራት አይደለም፤ የካሜራው ጥንካሬም አይደለም። ያዳነው መላኩ ነው። አንድ ሰው ለሌላ ሰው ብሎ አሳትሞ፣ ስሙን ጽፎ፣ ፖስታ ቤት ስላስገባው ተረፈ። የፊልም ዘመን ፎቶግራፍ በባሕርዩ ስጦታ ነበር፤ ስጦታ ደግሞ ከአንድ ቤት በላይ ይኖራል። የናፈቀንም፣ ብናውቀው፣ ይኸው ነው።

ባለፈው ዓመት ጸሐፊው አዳዳን ለመጠየቅ ነቀምት ሄዶ ነበር። ባዶ እጁን ላለመሄድ ያንን ፎቶግራፍ በትልቁ አሳትሞ፣ ጥሩ ወረቀት መርጦ ይዞ ሄደ። አዳዳ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ፊቱን ለአፍታ አይተው ወዲያው ገለበጡት። ጀርባው ነጭ ነበር። ቀና ብለው፣ «ጽሑፌስ?» አሉ። ጸሐፊው የሚመልሰው አጣ። ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ ፎቶግራፍ ሂስ ሲጽፍ የኖረ ሰው በአንዲት ቃል ታረመ። ዋናውን ቅጂ በሁለተኛው ጉዞ ወሰደላቸው፤ በእጃቸው ሲደርስም ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ተከትለው አነበቡ።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት መደምደሚያ ውስብስብ አይደለም። በነቀምት የወለጋ ሙዚየም አለ፤ በየከተማው የባህል ሠራተኞች፣ መምህራንና የኪነ ጥበብ ወዳጆች አሉ። ካሜራ ከመሰብሰብ በፊት ነጋቲቭና የፎቶ ቤት መዝገብ መሰብሰብ ይገባል። ነጋቲቭ ከእርጥበት ርቆ፣ በወረቀት ከረጢት ተለይቶ ቢቀመጥ ብዙ ዘመን ይኖራል። አሮጌ ፎቶግራፍ በዲጂታል ሲቀረጽ ጀርባው አብሮ መቀረጽ አለበት። በፎቶግራፉ ላይ ያሉትን ሰዎች የሚያውቁ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ስም መጠየቅ፣ የተነገረውንም በለስላሳ እርሳስ ጀርባው ላይ መጻፍ ወጪ የሌለው ሥራ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በአይዳ ሙሉነህ የተጀመረውን አዲስ ፎቶ ፌስት የመሳሰሉ መድረኮች የአገራችንን ፎቶግራፍ ለዓለም ለማስተዋወቅ በር ከፍተዋል፤ የየቤቱን አልበም ማዳን ግን በየአውራጃው ያለን የእኛ ድርሻ ነው።

በፊልም ካሜራ ለሚያነሣው ወጣትም የምንለው አለ። ፊልሙን መውደዱ መልካም ነው፤ ትዕግሥትን ያስተምረዋል። ነገር ግን ያነሣውን አሳትሞ ለተነሺው ይስጥ። በስልኩ የሚያነሣውም ቢሆን ከሺው ፎቶግራፍ አንዱን መርጦ ያሳትም፤ ከጀርባው የማን እንደ ሆነ፣ ለማን እንደ ሆነ፣ የትና መቼ እንደ ተነሣ ይጻፍበት፤ ከዚያም ይላከው። የአዳዳ የልጅ ልጅ ይህን ጀምራለች። ባለፈው ወር የላከችልን ፎቶግራፍ በስልክ የተነሣ ነው፤ አያቷ በነቀምት በተከራዩት ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ይታያሉ። ገልብጠን አየነው። ልጅቱ በቁቤ ስማቸውን፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፋለች። ከሥሩ አያቲቱ በራሳቸው እጅ፣ ባልረሱት የግዕዝ ፊደል፣ አንድ ቃል አክለውበታል፦ «ያዳኖፍ»።